ሲሊኮን የገባበት ጡት ሲመረቅዝና ሲደድር

ዱባይ፣ ኢስታንቡል ወይም ባንኮክ ሄዳ ጡቷ ውስጥ ሲሊኮን አስገብታ የምትመለስ ሴት ብዙውን ጊዜ የመልስ በረራዋን የምትይዘው ቀዶ ሕክምናው በተደረገ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ነው። ኢንፌክሽን ደግሞ ራሱን የሚገልጠው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ነው። ስለዚህ የሠራት ሐኪም ችግሩን አያየውም። የሚያየው ድሬዳዋ ሳቢያን ያለ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ወይም ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ያለ ክሊኒክ ነው። ሴትየዋ ሲሊኮን እንዳላት ካልተናገረች እነሱ የሚያዩት ተራ የጡት እብጠት ነው፤ የሚሰጡትም ለተራ እብጠት የሚሰጠውን ነው፦ አሞክሳሲሊን፣ ካልሆነም መብጣት።

ስለ ጡት ሲሊኮን ሲወራ ሁለት ስጋቶች ይነሳሉ፤ “ይመረቅዛል” እና “ይደድራል”። ሰው ለየብቻ ነው የሚያያቸው። መመርቀዙ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጣጣ፣ መደደሩ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ የጠባሳ ጉዳይ ይመስለዋል። እንደዚያ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ዳሩ ግን ሁለቱን ደጋግሞ የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ፦ ሲሊኮኑ ላይ ተለጥፎ የቀረ ባክቴሪያ። በዝቶና ጉልበት አግኝቶ ሲነሳ መግል ይሆናል። ጥቂት ሆኖ አድፍጦ ሲቀመጥ ደግሞ ጠባሳውን እየነካካ ያደድረዋል። ይህን የተረዳ ሰው ክኒን ብቻውን ለምን እንደማይበቃ፣ ሐኪሙም ለምን “መውጣት አለበት” እንደሚል ይገባዋል።

ሰውነት የሚያጥረው ጀጎል

በ16ኛው መቶ ዘመን ኤሚር ኑር ሐረርን በጀጎል ያሳጠሩት ከውጭ የሚመጣውን ለመከላከል ነበር። ሰውነት የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ የሚያጥረው ውስጡ የገባውን እንግዳ ነው። እሾህ ቢገባ በመግል ገፍቶ ያወጣዋል። የሚሟሟ የስፌት ክር ቢገባ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ሲሊኮንን ግን መብላትም መግፋትም አይሆንለትም። አንዱ ኢምፕላንት (ጡት ውስጥ የሚገባው በሲሊኮን የተሞላ ከረጢት) ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ የአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ያህል መሆኑ ነው። ይህን የሚያህል የማይሟሟ ነገር ሲያጋጥመው ሰውነት ያለው ምርጫ ዙሪያውን ማጠር ብቻ ነው።

አጥሩ የሚሠራው ከኮላጅን ነው፤ ያው ማንኛውም ጠባሳ የሚሠራበት ክር መሰል ነገር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲሊኮኑን ዙሪያውን የሚከብብ ስስ ከረጢት ይወጣዋል። ሐኪሞች ካፕሱል ይሉታል፤ ከሚዋጠው ካፕሱል ጋር ስሙ እንጂ ነገሩ አይገናኝም። ካፕሱል በሽታ አይደለም። ኢምፕላንት ያላት ሴት ሁሉ አላት፤ የልብ ምት ማስተካከያ የተቀበረለት ሰውም በመሣሪያው ዙሪያ ተመሳሳዩ አለው። ካፕሱሉ ስስና ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ሲሊኮኑን በቦታው የሚይዝ ጥሩ ነገር ነው።

ችግሩ የሚመጣው አጥሩ መጥበብ ሲጀምር ነው። ጠባሳ ውስጥ ማዮፊብሮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ፤ ሥራቸው የቁስልን አፍ እየጎተቱ መግጠም ነው። ቁስሉ ሲድን ሥራቸውን ጨርሰው ይሞታሉ። አካባቢው መቆጣቱን ካላቆመ ግን መጎተታቸውን አያቆሙም። በጄል የተሞላ ከረጢት ከየአቅጣጫው ሲጨመቅ ወደ ኳስነት ይለወጣል፤ በአነስተኛ ገጽታ ብዙ የሚይዘው ቅርጽ ኳስ ስለሆነ ነው። ጡቱ ክብ እየሆነ ወደ ላይ የሚወጣው፣ ሲነካም የሚደድረው በዚህ ምክንያት ነው። ሲሊኮኑ ራሱ አልጠነከረም። እንዲህ የደደረ ጡት ተከፍቶ ኢምፕላንቱ ሲወጣ እንደገባበት ቀን ለስላሳ ሆኖ ይገኛል። የጠበበው ቤቱ ነው።

ከሮቶ ግድግዳ የማይለቀው

ድሬዳዋ ውስጥ የውሃ ሮቶ አጥቦ የሚያውቅ ሰው ባዮፊልም የሚለውን ቃል ባይሰማም ነገሩን በእጁ ነክቶታል። የሮቶው የውስጥ ግድግዳ ላይ የሚያንሸራትት ስስ ዝልግልግ አለ። በረኪና ሲጨመር ውሃው ይጠራል፤ ዝልግልጉ ግን ከላይ ትንሽ ተጎድቶ ከሥር እንዳለ ይቀራል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ውሃው እንደገና ይሸታል። ጨርሶ የሚለቀው በብሩሽ ሲፈገፈግ ነው። የከተማው ውሃ የሚታወቅበት ያ ነጭ የኖራ ቅርፊት ካለ ደግሞ ዝልግልጉ የሚቆናጠጥበት ሸካራ ቦታ አገኘ ማለት ነው።

ሲሊኮን ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ዋናው ነዋሪ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ የሚባለው ነው፤ በማንኛችንም ቆዳ ላይ ያለ፣ በሌላ ጊዜ ማንንም የማይጎዳ ባክቴሪያ። ከብጉር ጋር ስሙ የሚነሳው ኩቲባክቴሪየም አክነስም አብሮት ይገኛል። ሁለቱም ቆዳ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ጡት ጫፍ በሚከፈቱት የወተት ቱቦዎች ውስጥም ይኖራሉ። ቆዳን በአዮዲን ቢያጥቡትም ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው አይታጠብም።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ሲሊኮኑ ላይ ካረፉ በሰዓታት ውስጥ ይለጠፋሉ፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ራሳቸው ባመነጩት ዝልግልግ ተሸፍነው ሰፈር መሥርተው ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ መድኃኒት የሚያሸንፋቸው በችግር ነው። በባዮፊልም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ለመሞት ነጻ ሆኖ ከሚንሳፈፈው እስከ 1,000 እጥፍ የበለጠ የመድኃኒት መጠን ሊፈልግ ይችላል፤ ይህን ያህል መጠን ደግሞ ሰው አይችለውም። አንደኛ፣ ዝልግልጉ መድኃኒቱን ያዘገየዋል። ሁለተኛ፣ ከሥር ያሉት ባክቴሪያዎች በእንቅልፍ ላይ ስለሆኑ መራባት ላይ ያለን ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት አያገኛቸውም። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው፣ ሲሊኮን የደም ሥር የለውም። መድኃኒትም ነጭ የደም ሕዋስም የሚጓዙት በደም ነው፤ ካፕሱሉ ድረስ ይደርሳሉ፣ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም።

ባዕድ ነገር ባለበት ቦታ ስንት ባክቴሪያ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ የቆየ መልስ አለ። በ1957 እ.ኤ.አ. ኤሌክና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በበጎ ፈቃደኞች ቆዳ ላይ ስታፊሎኮከስ አውሪየስን ሞክረው ነበር። በጤናማ ቆዳ ውስጥ መግል ለማስያዝ ሚሊዮኖች ሲያስፈልጉ፣ አንድ የሐር ስፌት ክር ባለበት ቦታ ግን መቶዎች በቅተዋል። አንዲት ክር ይህን ካደረገች የጡት ኢምፕላንት ያህል ስፋት ያለው ነገር ምን እንደሚያደርግ መገመት ይቻላል። ቀዶ ሐኪሞች ኢምፕላንት ሲያስገቡ ጓንት ደጋግመው የሚለውጡት ለዚህ ነው።

ደኅናው እብጠት እና ክፉው እብጠት

ለውበት ተብሎ በሚገባ ኢምፕላንት ላይ ኢንፌክሽን የሚደርሰው ከመቶ በአንድ ሁለቱ ሴቶች ላይ ነው። ጡት በካንሰር ምክንያት ከተወገደ በኋላ በሚደረግ መልሶ ማነጽ ግን ቁጥሩ በብዙ ይጨምራል፤ የቀረው ቆዳ ስስ ነው፣ የጨረር ሕክምና ከተጨመረ ደግሞ የደም ዝውውሩ ይዳከማል። አብዛኛው ኢንፌክሽን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ይታያል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማበጥ፣ መበለዝና መቆጥቆጥ የሚጠበቅ ነው። ለመለየት የሚረዳው ደንብ ይህ ነው፦ በሁለቱም ጡት ላይ ያለና በየቀኑ የሚቀንስ ከሆነ ደኅና ነው፤ በአንዱ ብቻ ያለና የሚጨምር ከሆነ ደኅና አይደለም። በተለይ ቀንሶ የነበረ ሕመም ተመልሶ ከመጣ ሳያመነቱ መታየት ነው። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን አንዱ ጡት በድንገት ካበጠና ከተወጠረ ይህ በአብዛኛው ኢንፌክሽን ሳይሆን ውስጥ የሚፈስ ደም ነው፤ በዚያው ዕለት ተከፍቶ መጠረግ አለበት። ሳይጠረግ የቀረ ደም ለባክቴሪያ ቀለብ፣ ለጠባሳ ደግሞ ሰበብ ይሆናል።

የሕክምና መጻሕፍት “መቅላት” የሚሉት ምልክት የተጻፈው ነጭ ቆዳን በማየት ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይ ይሆናል። መፈለግ ያለበት ሙቀት ነው፤ በእጅ ጀርባ ሁለቱን ጡቶች እያፈራረቁ መንካት። ቆዳው መወጠሩና ማብረቅረቁ፣ ወደ ወይን ጠጅነት ወይም ከወትሮው ወደ ጠቆረ ቀለም መሄዱም ምልክት ነው። የተቆጣውን ቦታ ዳር በእስክሪብቶ አስምሮ ሰዓቱን መጻፍ ይጠቅማል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ከመስመሩ ካለፈ ሐኪሙ ብዙ ሳይጠይቅ ይገባዋል። የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከስፌቱ ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይም ስፌቱ ተከፍቶ ሲሊኮኑ ከታየ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም።

እምብዛም የማይደርስ፣ ሲደርስ ግን የሚገድል አንድ ነገር አለ፤ አንዳንድ ስታፊሎኮከስ የሚያመነጨው መርዝ። ቁስሉ ምንም የሌለበት ሊመስል ይችላል። ሴትየዋ ግን ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማስመለስና ተቅማጥ፣ በፀሐይ የተቃጠለ የሚመስል የቆዳ ሽፍታ እና ራስ መሳት ይኖርባታል፤ የደም ግፊቷም ይወርዳል። የምግብ መመረዝ ተብሎ ግሉኮስ ተሰቅሎላት ወደ ቤት ከተመለሰች ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ፣ መጀመሪያ የሚነገረውም ቃል “ሲሊኮን አለኝ” መሆን አለበት።

ዘግይቶ የሚመጣም አለ። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ከተመረዘ ጥርስ፣ ከሽንት ኢንፌክሽን ወይም ከቆዳ ቁስል የተነሳ ባክቴሪያ በደም ተጉዞ ኢምፕላንቱ ላይ ያርፋል። የምታጠባ እናት የጡት መቆጣት ሲገጥማትም ቆሻሻው ወደ ካፕሱሉ ሊሻገር ይችላል። ማጥባቱን ማቋረጥ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ሁለት ቀን መድኃኒት ወስዳ ካልተሻላት አልትራሳውንድ መታየት አለባት።

መድኃኒት ቤት ከመግባት በፊት

በእኛ አካባቢ ጉዳት የሚያበዛው ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታውም ነው። ለባሏም ለእናቷም ያልተናገረች ሴት ለሐኪም መናገር ይከብዳታል። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ያልተነገረው ባለሙያ እብጠቱን በምላጭ ሊበጣው ወይም ያለ አልትራሳውንድ በመርፌ ሊወጋው ይችላል። በዚያች ቅጽበት ሲሊኮኑ ሊቀደድ፣ የነበረውም ሊባባስ ይችላል። የሐኪምን ምስጢር ጠባቂነት ሕግም ሙያውም ያስገድዳል፤ ጓደኛም ሆነች ዘመድ እንድትወጣ ጠይቆ ለብቻ መናገር ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳት ናሙና ሳይወሰድ የሚጀመር መድኃኒት ነው። ሦስት ቀን አሞክሳሲሊን፣ ሁለት ቀን ሲፕሮ፣ ከዚያ ሴፍትሪያክሶን በመርፌ የወሰደች ሴት ሆስፒታል ስትደርስ ትኩሳቷ በርዷል፤ የሚንሳፈፈው ባክቴሪያ ሞቷል፤ ዝልግልጉ ግን አለ። ፈሳሹ ተቀድቶ ካልቸር ሲደረግ፣ ማለትም ባክቴሪያው በላቦራቶሪ እንዲበቅል ሲሞከር፣ ምንም አይበቅልም። ሐኪሙም የትኛውን ባክቴሪያ በየትኛው መድኃኒት እንደሚመታ ሳያውቅ ይገምታል። ሴትየዋ በጠና ካልታመመች በስተቀር ትክክለኛው ቅደም ተከተል አልትራሳውንድ፣ ናሙና፣ ከዚያ መድኃኒት ነው። በጠና ከታመመች ደግሞ የደም ናሙና ተወስዶ መድኃኒቱ ወዲያው በደም ሥር ይጀመራል።

አልትራሳውንዱ የሚፈልገው በሲሊኮኑና በካፕሱሉ መካከል የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው። ካለ፣ መርፌው በስክሪን እየታየ ከሲሊኮኑ ርቆ ይገባና ይቀዳል። ፈሳሹ ለግራም ስቴይን (ባክቴሪያን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት)፣ ለሕዋስ ቆጠራና ለካልቸር ይላካል። እዚህ ላይ ለምሥራቅ ኢትዮጵያ ባለሙያ በተለይ የሚጠቅም ነገር አለ፤ አሲድ ፋስት የሚባለው፣ የቲቢን ባክቴሪያና ዘመዶቹን በማይክሮስኮፕ የሚፈልገው ምርመራም አብሮ መታዘዝ አለበት። በውሃ ታንክና በቧንቧ ውስጥ የሚኖሩ የቲቢ ዘመድ የሆኑ ማይኮባክቴሪያዎች አሉ። በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. ለውበት ቀዶ ሕክምና ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተጉዘው በተመለሱ አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ የተባለው ተከስቶ ነበር። በኢምፕላንት ዙሪያ ሲገቡ ከሳምንታት እስከ ወራት ዘግይተው ይነሳሉ፤ ትኩሳታቸው ቀላል ነው፣ ፈሳሹ ቀጭን ነው፣ የተለመደው ካልቸር ባዶ ሆኖ ይመለሳል፣ የተለመደው መድኃኒትም አይነካቸውም።

ቲቢ በሚበዛበት አገር ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አሲድ ፋስት ፖዘቲቭ ሲወጣ “ቲቢ ነው” ተብሎ የስድስት ወር መድኃኒት ይጀመራል። በማይክሮስኮፕ ግን ሁለቱ አይለዩም። የሚለየው ጂንኤክስፐርት የሚባለው የዘረመል ምርመራ ነው፤ እሱ የሚያውቀው የቲቢን ባክቴሪያ ብቻ ነው። አሲድ ፋስቱ ፖዘቲቭ ሆኖ ጂንኤክስፐርቱ ኔጌቲቭ ከሆነ የውሃውን ዘመድ መጠርጠር ተገቢ ነው። ካልቸሩ እስከ ስምንት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ላቦራቶሪው ቶሎ እንዳይጥለው ይነገረዋል። ሕክምናው ኢምፕላንቱን ማውጣትና ለወራት የሚወሰዱ የተለያዩ መድኃኒቶች ነው።

ስለዚህም ቁስሉ ፈጽሞ እስኪገጥም ድረስ በሮቶ ውሃ መዘፍዘፍም ሆነ ለፈውስ ተብሎ ኤረር ፍል ውሃ መግባት አይገባም። ፌጦ፣ ማርና ጥቁር አዝሙድ ስፌት ላይ አይደረጉም። በሙቅ ጨርቅ መተኮስ ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የጡት ቆዳ ለወራት ይደነዝዛል፣ ሴትየዋ ሳይሰማት ቆዳው ይቃጠላል። የድሬዳዋ ሙቀት ከጡት ሥር ላብ ስለሚያጠራቅም ስፌቱ እዚያ ከሆነ በንጹሕ ጋዝ ቶሎ ቶሎ ማድረቅና ጥጥ ጡት ማስያዣ መለወጥ ከማንኛውም ቅባት ይሻላል።

ማዳን ወይስ ማውጣት

የስፌቱ ዙሪያ ብቻ ከተቆጣ፣ በአልትራሳውንድ ፈሳሽ ካልታየና ትኩሳት ከሌለ በሚዋጥ መድኃኒት መጀመር ይቻላል፤ ግን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ እንደገና መታየት ግዴታ ነው። ካልተሻለ ተኝቶ በደም ሥር መውሰድ ይከተላል። የተለመዱትን የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ ከተጠረጠረ ቫንኮማይሲን ይመረጣል። የጾም ወቅት ከሆነ በየስድስት ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ታዝዞ በአፍጥርና በሱሑር ብቻ መውሰድ እንዳልወሰዱ ነው፤ ለሐኪሙ መንገርና የሚመች መድኃኒት ማስቀየር፣ ወይም ለበሽተኛ የተፈቀደውን መጠቀም።

በሲሊኮኑ ዙሪያ መግል ካለ፣ ሲሊኮኑ ወደ ውጭ ከታየ ወይም በደም ሥር እየተሰጠ ትኩሳቱ ካልወረደ ሰዓቱ የመውጣት ሰዓት ነው። ኢምፕላንቱ ይወጣል፣ ቦታው በብዙ ሊትር ፈሳሽ ይታጠባል፣ የቆሸሸው ካፕሱል በተቻለ መጠን ይነሳል፣ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ለሁለት ሳምንት ያህል ይቀጥላል። አዲስ ኢምፕላንት የሚታሰበው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው፤ ቁጣው ሳይበርድ የገባ ሁለተኛ ሲሊኮን የመጀመሪያውን ዕጣ ይጋራል። በተመረጡ ሴቶች ላይ በዚያው ቀን አጥቦ አዲስ መተካት ተሞክሮ የሚሳካበት ጊዜ አለ። ግን ስታፊሎኮከስ አውሪየስ፣ ፕሴዶሞናስ ወይም ማይኮባክቴሪያ ከሆነ መክሸፉ ያመዝናል።

“ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ” የሚለው ሐሳብ ውሳኔውን በቀናት ያዘገየዋል። የሚዘገየው ቀን ደግሞ የሚበላው ቆዳውን ነው፤ ቆዳው ከሳሳ ወይም ከሞተ በኋላ የሚቀረው ጠባሳ ኋላ ለሚሠራውም አይመችም። ኢምፕላንት ለማውጣት የመጀመሪያውን ሐኪም ፍለጋ ዱባይ መመለስ አያስፈልግም። ማውጣቱን እንደ ድል ጮራ ወይም ሕይወት ፋና ባለ ሪፈራል ሆስፒታል የሚሠራ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ሊያደርገው ይችላል። መልሶ ማስገባቱ ግን የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ሥራ ነው።

የደደረው ጡት

መደደር የሚለካው ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤከር ደረጃ ነው። አንደኛ፣ ጡቱ ለስላሳ ነው። ሁለተኛ፣ ሲነካ ጠንከር ይላል፣ ሲታይ ግን ደኅና ነው። ሦስተኛ፣ ጥንካሬው በዓይንም ይታያል፤ ክብ ሆኗል ወይም ወጣ ብሏል። አራተኛ፣ ሦስተኛው ላይ ሕመም ሲጨመር። በአምራቾች የአሥር ዓመት ክትትል ውስጥ ለውበት ካስገቡ ሴቶች ከመቶ ከአሥር እስከ ሃያ የሚሆኑት ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ደርሰዋል። ብዙው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ይጀምራል። ጨረር የተሰጠው ጡት ላይ በብዙ ይበልጣል።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ክትትል እንጂ ቢላ አይፈልጉም። ለሦስተኛና ለአራተኛ ዋናው ሕክምና ካፕሱሉን ማንሳት፣ ኢምፕላንቱን በአዲስ መለወጥና ከተቻለ ቦታውን መቀየር ነው፤ ከጡንቻው በላይ የነበረውን ወደ ሥር ማድረግ። አሮጌውን ኢምፕላንት አጥቦ መመለስ ዝልግልጉን ይዞ መመለስ ነው። ተመልሶ የመደደር ዕድሉ ሁለተኛው ላይ ከመጀመሪያው ስለሚበልጥ አንዳንድ ሴቶች ሁለቱንም አስወጥተው ይገላገላሉ፤ ይህም ሙሉ ሕክምና ነው።

የአስም ክኒኖቹ ሞንቴሉካስትና ዛፊርሉካስት ተሞክረው ጥቅም ያሳዩባቸው ጊዜያት አሉ፤ ለዚህ ተብለው ግን አልተፈቀዱም፣ ዛፊርሉካስት ደግሞ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ማሸት ያድናል የሚለው ጠንካራ ማስረጃ የለውም። ፈጽሞ መፈቀድ የሌለበት አንድ ነገር አለ፤ የደደረውን ጡት በሁለት እጅ ጨምቆ ካፕሱሉን “ማፈንዳት”። ድሮ ሐኪሞችም ያደርጉት ነበር፤ ኢምፕላንት ስለሚቀድና ደም ስለሚያፈስ ተትቷል። ወጌሻ ዘንድ የሚደረገው ከዚያ አይሻልም።

ሳይቆረጥ በፊት የሚጠየቅ

የወደፊቱ መመርቀዝና መደደር ዕጣ የሚወሰነው በአብዛኛው በኦፕራሲዮኑ ክፍል ውስጥ ባለችው አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ከዋጋ በፊት የት በኩል እንደሚቆረጥ መጠየቅ ይገባል። በጡት ጫፍ ጥቁር ክብ ዙሪያ የሚቆረጠው ጠባሳው አይታይም፤ ግን የወተት ቱቦዎቹን ስለሚያቋርጥ ሲሊኮኑ በባክቴሪያው መኖሪያ በኩል ያልፋል። ከጡት ሥር ባለው እጥፋት የሚቆረጠው የመደደር ዕድሉ ያነሰ ነው። ለወደፊት ማጥባትም የተሻለው እሱ ነው።

ከመቆረጡ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሴፋዞሊን በደም ሥር ይሰጣል። የጡት ጫፎቹ በሚጣበቅ ፕላስቲክ ይሸፈናሉ። ቦታው በመድኃኒት ፈሳሽ ይታጠባል፤ የታወቀው ድብልቅ በ500 ሚሊ ሊትር ሳላይን ውስጥ 1 ግራም ሴፋዞሊን፣ 80 ሚሊ ግራም ጀንታማይሲንና 50,000 ዩኒት ባሲትራሲን ነበር። በመርፌ የሚሰጠው ባሲትራሲን በ2020 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ ከወጣ ወዲህ ብዙዎች ፖቪዶን አዮዲን ይጠቀማሉ። ኢምፕላንቱ ከመነካቱ በፊት ጓንት ይለወጣል፣ ቆዳን ሳይነካ በሚያንሸራትት ፈንል መሰል ከረጢት ይገባል፣ ከማሸጊያው ወጥቶ ሳይገባ አይቆይም፣ ገብቶ እየወጣ አይሞከርም። የፍሳሽ ቱቦ ካላስፈለገ አይደረግም፤ ለባክቴሪያ የተከፈተ በር ነውና። እነዚህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ክሊኒክ መልሱን ሰጥቷል።

ከታካሚዋም የሚጠበቅ አለ። ሲጋራም ሺሻም ከቀዶ ሕክምናው አራት ሳምንት በፊትና በኋላ ይቆማሉ፤ ኒኮቲን የቆዳን የደም ሥር ያጠባል፣ በጫት ላይ የሚጨሰው “ትንሽ” ሺሻም ያው ነው። የስኳር ሕመም ካለ መስተካከል አለበት። የተበላሸ ጥርስ አስቀድሞ ይታከማል። የመልስ ትኬት ደግሞ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይቆረጥ።

ካርዱ

ከኢምፕላንቱ ጋር አምራቹ፣ ዓይነቱ፣ መጠኑና መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ይሰጣል። አንዳንዷ ሴት አብሮ የተሰጣትን የመድኃኒት ማዘዣ ትይዝና ካርዱን ሆቴል ትታው ትመጣለች። ፒ.አይ.ፒ የተባለው የፈረንሳይ አምራች ለኢንዱስትሪ የሚሆን ሲሊኮን መጠቀሙ ተደርሶበት ምርቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲታገድ፣ ከዚያ በፊት ካስገቡ ሴቶች ማን እንዳለባት ለማወቅ ካርዱ ረድቷል። በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. የአለርጋን ባዮሴል ሸካራ ኢምፕላንቶች ከዓለም ገበያ ሲሰበሰቡም እንዲሁ።

ሸካራው ሥራ ላይ የዋለው መደደርን ይቀንሳል ተብሎ ነበር፤ በተለይ ከጡንቻ በላይ ሲቀመጥ ይቀንሳልም። በኋላ ግን ከካፕሱሉ የሚነሳ እምብዛም የማይገኝ የሊምፍ ካንሰር ከሸካራዎቹ ጋር መያያዙ ታወቀ። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከገባ ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ገደማ በኋላ አንዱ ጡት ያለ ሕመምና ያለ ትኩሳት በፈሳሽ ማበጡ ነው። እንዲህ ያለው ፈሳሽ ተቀድቶ አይደፋም። ከካልቸሩ ሌላ ሲዲ30 ለሚባል ምርመራ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል፤ የሚላከውም ጥቂት ጠብታ ሳይሆን ከተቻለ 50 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ነው። ካርዱ ከጠፋ ለሠራው ክሊኒክ ጽፎ የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት በእንግሊዝኛ መጠየቅ ይቻላል፤ ፎቶው በስልክም፣ ምስጢር ለሚጠብቅ አንድ ሰው ዘንድም ይቀመጥ።